ዶክተር ፅዮን አምሀ፦ በእርግብግቢት በኩል ያዩ ሐኪም

ዶክተር ፅዮን አምሀ ከአባታቸው ከመቶ አለቃ አምሀ ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታነሽ ሽብሩ በ1979 ዓ.ም. በጅግጅጋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በውትድርና ተመድበው መጥተው በዚያው የቀሩ ነበሩና ፅዮን አፋቸውን በአማርኛም በሶማሊኛም ፈቱ። የያዙትን የማይለቁ ግትር ልጅ ስለነበሩ አባታቸው «መዥገሯ» ይሏቸው ነበር።

ትምህርታቸውን በጅግጅጋ አጠናቀው፣ በ2004 ዓ.ም. በሕክምና ዶክተርነት ተመርቀው በሐርተሼክ ከተማ አገለገሉ። ከአቶ ተመስገን (ተሜ) ጋር ትዳር መሥርተው ሶልያናን ወለዱ። በ2011 ዓ.ም. የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆነው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ።

በ2012 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጃቸው በሰባት ወሩ ተወለደ። ትኩሳት ያዘው፤ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ሲበርድለት ዳነ ተባለ። ኢንፌክሽኑ ግን አንጎሉ ገብቶ መግል ቋጥሮ ነበር። ያን ጊዜ በጨቅላ አናት ላይ የሚያርፍ አልትራሳውንድ በእጃቸው አልነበረም። ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ተቀበረ። ወይ የእናት አንጀት! የሕፃናት ሐኪም ሆነው የገዛ ልጃቸው ሕመም ተደበቃቸው።

ከዚያ ወዲህ እረፍት አጡ። ቢሮ ለቢሮ ተንከራተው፣ ሰው እስኪሸሻቸው ነዝንዘው መሣሪያውን አስመጡ። እርግብግቢት የምንለው፣ የጨቅላ ራስ ቅል ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ፣ አንጎልን የሚያሳይ መስኮት ነው። እናቶች ግን እዚያ ላይ ቅቤ ለጥፈው አናስነካም አሉ። ከቶጎጫሌ የመጣች አንዲት እናት «ዶክተር፣ ነፍሱ እኮ ያለችው እዚያ ነው!» ብትላቸው፣ «እኔስ እሷን ልፈልግ አይደል፣ አባዮ?» ብለው፣ በሶማሊኛ እህቴ ብለው፣ ቅቤውን በእጃቸው ጠረጉ። መግሉ ታየ፤ ልጁ ለቀዶ ሕክምና የካራማራን ተራራ ተሻግሮ ተረፈ። ያልተረፉት ይበልጣሉ። ለእያንዳንዳቸው እንደ ገዛ ልጃቸው አለቀሱ።

በ2016 ዓ.ም. የጡት ካንሰር ታወቀባቸው። የፈሩት ሞትን አልነበረም፤ ምስሉን የሚያነብ ሰው ሳይተኩ መሄድን ነበር። ያሠለጠኗቸው ሐኪሞች አንድ በአንድ ተዛውረው፣ ዶክተር ነጅማ ብቻ ቀሩ። ሰውነታቸው አልቆ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላም፣ ዶክተር ነጅማ በስልክ የሚልኩላቸውን ምስል እያዩ ያስተምሩ ነበር። «ገና አልጨረስንም» እያሉ ጥቂት ጊዜ እንዲጨምርላቸው ፈጣሪን ለመኑት። አልሰጣቸውም። መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ38 ዓመታቸው አረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሶልያናንና ታናሽ እህታቸውን አመለወርቅን በኀዘን ጥለው ሄደዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የማነብላችሁ በእጃችሁ ባለው የሕይወት ታሪክ ወረቀት ላይ አልታተመም፤ ዛሬ ጠዋት የተጨመረ ነው። አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ስልካቸው ጮኸ። ዶክተር ነጅማ የአንድ ጨቅላ አንጎል ምስል ልከዋል፤ ከሥሩ «ዶክተር፣ ይሄ መግል ነው?» ይላል። መሞታቸውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ትናንት አብረውን ሲያለቅሱ ነበር። የሚጠይቁት ሌላ ሰው ስላጡ ነው።

እባካችሁ፣ ከመካከላችሁ ይህን ማንበብ የሚችል ሐኪም ካለ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ አይጠብቅ። ስልኩ ከአመለወርቅ እጅ ነው። የእህታችንን ነፍስ እግዚአብሔር ክርስትና ሳይነሣ ከቀደማቸው ልጃቸው ጋር ያሳርፍልን። ይህኛው ሕፃን ግን በሕይወት አለ።