የክራንቹ ጫማ

ታኅሣሥ 11፣ ሰኞ

ጸናጽሉ ዛሬም ከእጄ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ልሳነ እንዳላየ ሆኖ ማሳል ጀመረ። ተማሪዬ ነበር፤ አሁን ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ደብተራ ነው። ማስመሰል ግን ከእኔ አልተማረም።

የቀኝ አውራ ጣቴና ሁለቱ ተከታዮቹ የእኔ አይመስሉኝም። ባለቤቴ ጥሩወርቅ በየጠዋቱ በእሾህ ትወጋኛለች፤ ምንም። ይህን ራሱ የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ፊደሌን ያየ የኔታ መሆኔን አያምንም።

እግሬ ሲሰበር አላለቀስኩም። ከወገዳ ስመለስ በቅሎዋ ጣለችኝ፣ ወጌሻው አሰረው፣ አጥሮ ገጠመ። እሺ አልኩ። ከመስከረም ጀምሮ አናጢው በሠራልኝ የእንጨት ክራንች እሄዳለሁ። እሱንም እሺ አልኩ። እጄ ከሄደ ግን ምን ቀረኝ?

የገብርኤል ንግሥ ስምንት ቀን ቀረው። ቄሰ ገበዙ ማታ መጥተው «መሪጌታ፣ ዘንድሮ ተቀምጠው ይባርኩን፤ ልሳነ ይምራ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፣ ለእኔው ብለው ነው። ግን ተቀምጦ ወረብ የሚመራ መሪጌታ አይቼ አላውቅም። አንድ ዓመት የተቀመጠን ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማን ተነሥ ይለዋል? ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበት ቦታ ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

ጥሩወርቅ በበቅሎ ጭና መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ያችው በቅሎ። እኔና በቅሎዋ ተፋፍረን ሄድን።

ድሬሰሩ ልጅ እግር ነው። እጄን አገላብጦ አየና እግሬን ትቶ፣ «ሲያስተምሩ እንዴት ነው የሚቆሙት?» አለኝ። ቆሜ አሳየሁት። የክራንቹን ራስ ብብቴ ሥር አስገብቼ፣ ሙሉ ሰውነቴን ጥዬበት። መቋሚያ ላይ እንደዚህ ነው የሚቆመው፤ ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ስማር ሰባት ዓመት እንደዚህ ቆሜያለሁ።

«መሪጌታ፣ ይኼ እኮ መቋሚያ አይደለም» አለኝ።

ወደ እጅ የሚወርድ ሥር ብብት ውስጥ ያልፋል አለ። እኔ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ተኝቼበታለሁ። ክራንች የሚያዘው በመዳፍ ነው እንጂ በብብት አይታዘሉበትም። እኔ ደግሞ ሞት በጣቴ በኩል ጀመረኝ ብዬ ንስሐ አባቴን ላስጠራ ነበር። ጥሩወርቅም ቡዳ ነው ብላ ነበር። ለካ ያደነዘዘኝ የማውቀው አቋቋም ነው።

ይመለሳል ወይ አልኩት። «ይመለስ ይሆናል። ወር፣ ሁለት ወር፣ ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።» ለገብርኤልስ? ተነሥቶ ዕቃ ቤት ገባ።

ከዚያ ጥንድ ጥንድ የክንድ ክራንች አወጣልኝ። ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ክንድ የሚያቅፍ ቀለበትና የመዳፍ መያዣ አላቸው።

አንደኛው ብረት፣ ከባድ፣ ቀለበቱ ዙሪያውን የተዘጋ። ክንዴን አስገብቼ ማውጣት አቃተኝ። ብወድቅ አብሮኝ ይወድቃል።

ሁለተኛው ቀላል፣ ነጭ፣ ቀለበቱ ከፊት የተከፈተ። ከታች ጎማ አለው። በቀዳዳና በምትጫን ቁልፍ ይረዝማል፣ ያጥራል። ክንዴ ሲገባበት አልቆነጠጠኝም።

ይኼኛውን አልኩ። ከዘመቻ ቆስለው ለሚመለሱ ሚሊሻዎች የመጣ ነው አለ ድሬሰሩ። ለአንድ የእስቴ ልጅ ለብቻው ተቀምጦ ነበር፤ ይመጣል ተብሎ ስንት ወር ተጠበቀ። ስሙን አልጠየቅሁም። ስይዘው ግን እጄ ከበደኝ።

ቁመቱን ሊለካልኝ ሲል ለስብሰባ ተጠራ። ከበሩ ላይ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፣ ነገ ይመለሱ ልለካልዎ አለ። ራሴ እለካዋለሁ ብዬ መጣሁ። ለስንት ተማሪ መቋሚያ ለክቼ የሰጠሁ ሰውዬ!

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ

ለካሁት። መቋሚያ ረዘም ሲል ነው የሚያሳርፈው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አወጣሁት።

እስከ አውድማው ሄድኩ። ገብስ እየተበራየ ነበር። ሰላም ልል ቀና ስል ሁለቱም ክራንች ወደ ጎን ሸሹኝ፣ ገለባው ክምር ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። በሬዎቹ እንኳ ቆመው አዩኝ። ሰዎቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አነሡኝ፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

መዳፌ ውኃ ቋጥሯል። ትከሻዬ ይቃጠላል። ጥሩወርቅ «ዝናብ የመታት ዶሮ መስለሃል እኮ፣ ትከሻህ ጆሮህ ሥር ገብቷል፣ ዝቅ አድርገው» አለችኝ። ዕቃው ነው መጥፎ አልኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

ከአልጋ አልወረድኩም። የጾም ሽሮ ቀረበልኝ፣ አልበላሁም። ልሳነ ደጅ ድረስ መጥቶ ተኝተዋል ሲሉት ተመለሰ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ቦታዬን ሊለካ የመጣ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በጾም ቀን።

ታኅሣሥ 15፣ ዓርብ

ጥሩወርቅ አሸነፈች።

«ተነሥና ቁም። እጅህን ዝም ብለህ ወደ ታች ጣለው» አለችኝ። መቃኑን ተደግፌ ቆምኩ። የእጄ አንጓ በደረሰበት ቦታ መቃኑ ላይ በከሰል ምልክት አደረገች። ከዚያ ክራንቹን አስጠግታ፣ ቁልፉን ተጭና፣ መያዣው ምልክቱ ላይ እስኪደርስ አወረደችው። አራት ቀዳዳ!

ከየት አመጣሽው አልኳት። «ድሬሰሩ በሩ ላይ ሆኖ የእጅ አንጓ ልክ ሲል እኔ ሰምቻለሁ። አንተ ጸናጽልህን ነበር የምታስበው።»

ክርኔ ትንሽ ታጠፈ፣ ትከሻዬ ወረደ፣ ቀለበቱ ከክርኔ በታች ተቀመጠ። መያዣውን በባዘቶ ጠቅልላ በአሮጌ ነጠላ ሰፋችልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ሄጄ ሳልቀመጥ ተመለስኩ። ብብቴን ማንም አልነካውም።

አንድ ሌላ ነገርም አገኘሁ። መያዣውን ብለቅቀውም ክራንቹ አይወድቅም፤ ክንዴ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እጄ ባዶ ይሆናል። ባዶ እጅ ደግሞ ጸናጽል ይይዛል። ጥሩወርቅ ፊቴን አይታ «ቀስ በቀስ ነው እንቁላል በእግሩ የሚሄደው» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስንት ጊዜዬ ነው?

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

ደስታ ከእኔ ጋር አያድርም።

ለኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። በሩ ላይ ጫማዬን አውልቄ አንድ እግሬን ላነሣ ስል ዓይኔ ጎማዎቹ ላይ ወደቀ። እበት ይዘዋል። ቄሰ ገበዙም አዩ። የእንጨቱ ክራንች ጫፉ ባዶ ስለነበር እንደ መቋሚያ ታልፏል። ይኼ ግን በረት ረግጦ፣ መንገድ ረግጦ የመጣ ጎማ ነው። ጫማ ካልሆነ ምንድን ነው?

እሳቸው ሳይናገሩ ጎማዎቹን አወለቅሁ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ባዶው ጫፍ ድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። ልሳነ ከኋላ ባይዘኝ ጥርሴ ይረግፍ ነበር።

ቄሰ ገበዙ በጣም ቀስ ብለው፣ «በጎማው አልገባ፣ ያለ ጎማው አልቆመልዎ። መቀመጡ አይሻልም መሪጌታ?» አሉኝ።

ልቆጣቸው አልቻልኩም። እኔ ራሴ ከዚህ ላነሰ ነገር ተማሪ ከደጅ መልሻለሁ። ደጀ ሰላም ሆኜ አስቀደስኩ። ስመለስ ልሳነ ጎማዎቹን እስኪያቀብለኝ ድረስ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አያቸው፣ ከመሬት ገለባ አንሥቶ አስጠጋባቸው። ምን ይፈልጋል አልኩ በልቤ። ደክሞኛል። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል።

ታኅሣሥ 17፣ እሑድ

ልሳነ ከቅዳሴ በኋላ መጣ። የወረቡን ተራ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ።

ከነጠላው ጫፍ ቋጠሮ ፈታ። ሁለት ጥቁር ጎማ። ትናንት በገለባ ለክቶ፣ ገበያ ወርዶ፣ በረባሶ ከሚሠራው ሰውዬ ከመኪና ጎማ አስቆርጦ፣ አስሰፍቶ ያመጣው ነው።

«የኔታ፣ እነዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በቀር ሌላ መሬት አይረግጡም። በሩ ላይ ያኛውን ያወልቃሉ፣ ይኼን ያደርጋሉ። ቄሰ ገበዙን ጠይቄያቸዋለሁ፤ አዲስ ከሆነና ደጅ ካልረገጠ ምን ይከለክላል ብለዋል።»

ምራ ተብሎ የነበረ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ በልቤ እንደ ሌባ አየሁት። ተባረክ ብቻ አልኩት፤ ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣም። ሲሄድ አለቀስኩ። ይኼንንም ልጻፈው፣ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 18፣ ሰኞ

ጣቶቼ እንደነበሩ ናቸው። እሾሁም ምንም።

ጓሮ ቆሜ ሞከርኩት። ግራውን ክራንች ተደግፌ፣ ቀኙን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ። ዝግ ባለው ላይ ጸናጽሉ ይቆያል። ጽፋቱ ላይ፣ ዜማው ሲፈጥን፣ ያመልጠኛል። በግራህ ያዘው አለችኝ ጥሩወርቅ። በግራ ከያዝኩትማ በምን ልቆም?

ከልሳነ ጋር ተስማማን። የሌሊቱን ማኅሌት እሱ ይመራል። ታቦቱ ሲወጣ ግን ወረቡን እኔ እመራለሁ። ለተማሪዎቼ ሁሌ «ማኅሌት ሰው አይጠብቅም» እላቸው ነበር። አርፍዶ የመጣውን፣ እጁ የዘገየበትን፣ ጥዬው አልፍ ነበር። ነገ ለእኔም አይጠብቅም።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። መዳፌ አብጧል።

ታቦቱ ወጥቶ ከዋርካው ሥር ቆመ። ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሁለት ረድፍ ሆነን፣ እኔ በቦታዬ፣ ልሳነ ከፊት ለፊቴ። አዲሶቹን ጎማዎች አድርጌአለሁ። ጀመርኩ። ድምፄ ደህና ነበር። ግራው ክራንች እንደ መቋሚያ ተሸከመኝ፣ ጸናጽሉ በቀኜ ሄደ። ሃያ ሁለት ዓመት የቆምኩበት መሬት አወቀኝ።

ጽፋቱ ላይ ወደቀ።

ሣሩ ላይ ነው የወደቀው፣ ድምፁ ግን ገደል ድረስ የተሰማ መሰለኝ። ማጎንበስ አልችልም። ቀጥል አልኩት ልሳነን በዓይኔ። አልቀጠለም። ቀጥሉ አልኩ በአፌ። ከበሮው ቆመ። ከሁለቱም ረድፍ መቋሚያውን ያነሣ ሰው የለም።

ልሳነ መጥቶ አነሣው፣ በነጠላው ጠረገው፣ ተሳልሞ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘጋልኝ። ወደ ቦታው ተመለሰና አየኝ። ሁሉም አዩኝ። እኔን ይጠብቁ ነበር። አንዱንም ጠብቄው የማላውቅ ሰው።

እንደገና ከዝግታው ጀመርኩ። ጽፋቱን እኔ በቻልኩት ልክ ዝግ አድርገው አብረውኝ ሄዱ፤ እንደዚያ ያለ ጽፋት ቤተ ልሔም ቢሰማ ይስቅብናል። እልልታው ግን ከአምናው አላነሰም። ቄሰ ገበዙ ስንጨርስ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው ባረኩኝ፤ ስለ መቀመጥ ያነሣ የለም።

አሁን ሁለቱ ጎማዎች በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለው ከመቋሚያዬ ጎን ተሰቅለዋል። ቀጥሎ ጥር 21 ማርያም አለች።

ዛሬ ጠዋት ጥሩወርቅ እሾሁን ይዛ መጣች። አውራ ጣቴን ስትወጋኝ «ኧረ!» አልኩ። ሁለታችንም ደነገጥን። አሞኝ ነው ወይስ እሾሁን ስላየሁት ነው? እኔም አላውቅም። ነገ ዓይኔን ጨፍኜ ትወጋኛለች።