በሙሉ ድምፅ ስለ ዳነው ጭንቅላቴ

ለተከበሩ ጓድ ተሰማ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 1977 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ በተለይም ራስዎን አያምዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የድሬ ሙቀት እንደሚያውቁት ለራስ አይመችም፤ የእርስዎ ራስ ደግሞ ለመላው ቀበሌ የሚያስብ ስለሆነ አንዲት ቀን እንኳ እንዲታመምብን አንፈልግም። እኔ በስብሰባው ውሳኔ መሠረት ደኅና ነኝ።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ረስተውኝ እንደሆነ፣ ባቡር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት የተቆጣጠርኩት፣ ከከዚራ ወረድ ብዬ የምኖረው ገብረ መድኅን ነኝ። አምና ጥቅምት በወዳጅ ሶሻሊስት አገር ሐኪሞች ጭንቅላቴን ከፍተው የእንቁላል አስኳል የሚያህል እጢ አውጥተውልኛል። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ እጢው ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል በዓመቱ ተመልሼ እጢውን ባዩበት ማሽን የጭንቅላት ፎቶ እንድነሣ አዘዘኝ፤ በወረቀትም ጽፎ ሰጠኝ። ወደዚያ ለመመለስ አዲስ አበባ ያለው የሐኪሞች ቦርድ ፊት መቅረብ አለብኝ፤ ቦርዱ ፊት ለመቅረብ ደግሞ ከእርስዎ ቢሮ አንዲት የድጋፍ ደብዳቤና አንዲት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገኛል። ቀጠሮዬ ካለፈ ስድስት ወር ሆነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስላደረጉልኝ ውለታ ሁሉ በዝርዝር ላመሰግንዎ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አንደኛ። የተመለስኩ ሰሞን በአዳራሹ መድረክ ላይ አውጥተው፣ ባርኔጣዬን አስወልቀው፣ ጠባሳዬን ለሕዝብ ስላሳዩልኝ አመሰግናለሁ። የወዳጅ አገሮች ሳይንስ ኢምፔሪያሊዝምን ብቻ ሳይሆን እጢንም ድል መምታቱን ሲያስረዱ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ጸሐፊውም «ጓድ ገብረ መድኅን ሙሉ በሙሉ መዳናቸው በሙሉ ድምፅ ተረጋግጧል» ብሎ በቃለ ጉባኤው አሰፈረ። እውነቱን ለመናገር እኔም አጨብጭቤአለሁ። ሰው ድነሃል ሲሉት ማስረጃ አይጠይቅም።

ሁለተኛ። ደብዳቤውን ልለምን በመጣሁ ቁጥር ስለሰጡኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ድኗል ተብሎ የተወሰነለት ሰው ልመርመር ቢል አንድም ቃለ ጉባኤ መሻር፣ አንድም የወዳጅ አገርን ሳይንስ መጠራጠር መሆኑን ከእርስዎ ባልሰማ ኖሮ ሳላውቀው ጸረ አብዮተኛ ሆኜ ልቀር ነበር። ደኅና ትመስላለህ፣ የባሰብህ ዕለት ና ማለትዎንም አልረሳሁም። የባሰብኝ ዕለት እኔ አልመጣም፤ ተሸክመው ያመጡኛል እንጂ። ያኔ የሚጻፈው ደብዳቤ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። አንዲት ጎረቤቴ፣ ለስኳር ራሽኗ ስለምሳሳላት ስሟን አልጠቅስም፣ «ዋላሂ አቦ፣ ሰው በጭብጨባ ከዳነማ ሐኪም ቤቱን ይዝጉና አዳራሽ ያድርጉት» ብላለች። ሐሳቧን እንደ ልማት ጥቆማ ይቀበሉልኝ።

ሦስተኛ። ይህኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው፤ ግለ ሂስ ይበሉት። እፈራለሁ። ጧት ስነቃ ዓይኔን ሳልገልጥ አስቀድሜ ራሴን አዳምጣለሁ። ትንሽ ካመመኝ ተመልሶ መጣ እላለሁ፤ ካላመመኝ አድብቶ ነው እላለሁ። በፊትም ሲጀምረኝ በሙቀቱ አሳብቤ ስምንት ወር ዝም ብያለሁ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እውነት መሆኑንም ያኔ አይቻለሁ። አሁን ግን የምደብቀው እኔ አይደለሁም። ፎቶው ክፉ ወሬ ቢነግረኝ እንኳ ክፉውን አውቄ ከባለቤቴ ጋር እመክርበታለሁ። ያልተነሣሁት ፎቶ ግን በየቀኑ ሌላ ሌላ ነገር ያሳየኛል።

ማሽን ስለሌለን ባለቤቴ ተሻለች የራሷን ምርመራ አበጅታለች። ጧት ሻይ ስታቀርብልኝ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያሉትን ስምንት ትልልቅ ጣቢያዎች እንደ ሥራ ዘመኔ እንድጠራላት ትጠይቀኛለች። እንደ ጨዋታ እየሳቀች ነው የምትጠይቀኝ፤ ጣቶቿ ግን ከጠረጴዛው ሥር ይቆጥራሉ። አዋሽ ስደርስ ትተነፍሳለች። እስካሁን አንድም ጧት ጣቢያ ዘልዬባት አላውቅም።

አራተኛ። ባለፈው ሰኞ ለጎርፍ መከላከያው ዘመቻ ባለመውጣቴ ስሜን ከሰነፎች ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለለጠፉልኝ አመሰግናለሁ። ግራ እጄ አካፋ አልይዝ ብላኝ ነው የቀረሁት። የዳነ ሰው እጅ እንዲህ ማድረግ እንደማይገባት ነግሬአታለሁ፤ አልሰማችኝም። ይህንንም ደብዳቤ ከስሜ ጎን የለጠፍኩት አንባቢ ሁለቱን አብሮ እንዲያይ ብዬ ነው። እንዲህ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል አላጣሁትም፤ ነገር ግን ከሚያስፈራሩኝ ሁሉ እርስዎ ሁለተኛ ነዎት።

የምለምንዎ ግማሽ ገጽና አንድ ማኅተም ነው። ለዚህም ውለታዎ እግዜር፣ ይቅርታ፣ ታሪክ ይክፈልዎ።

ከቆመ ጭብጨባ ጋር፣
በቃለ ጉባኤ የዳንኩት
ገብረ መድኅን ክፍሉ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ጭንቅላቴ ውስጥ ላለው፣ ካለ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የጻፍኩት አእምሮዬ ሳይዛባ መሆኑን እንዲያምኑልኝ የተሻለችን ፈተና በእጄ ጽፌ ላያይዝልዎ አሰብኩ፦ ሁርሶ፣ ኤረር፣ ጎታ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ አሰቦት፣ አዋሽ። ተሻለች አነበበችው። በሙሉና በአሰቦት መካከል ጣቷን አሳረፈችና ወደ ግቢ ወጣች። የጎደለችው ሚኤሶ ናት። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ትኬት ሳትይዝ ተሳፍራ የያዝኳት ልጃገረድ፣ ኋላም ያገባኋት፣ የተሳፈረችው ከሚኤሶ ነበር። እንግዲህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ደብዳቤውን መጻፍ ካልሆነልዎ፣ ባቡሩ ሚኤሶ ላይ ቆሞ እንደማያውቅ በሚቀጥለው ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ያስወስኑልኝ፤ ተሻለችም ትረፍ። ከአጨብጫቢዎቹ ግን አይቁጠሩኝ፤ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።