በዘመድ ማለፍ የለም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ የሰው አፍ ስታይ ስለምትውል ወገብህንም ሳልጠይቅ ባልፍ ይከፋሃል። እኔ ደህና ነኝ። በደብዳቤ የመጣሁብህ፣ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ወሬዬን ሳልጨርስ በሽተኛ ስለሚጠራህ ነው፤ ወረቀት ግን ቢያንስ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ይጠብቅሃል።

የእማዬ ግራ መንጋጋ ላይ ለውዝ የምታህል እብጠት ወጣች ብዬ የደወልኩልህን መቼም አልረሳኸውም። እዚያው ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ውሰጃት አልከኝ፤ ወሰድኳት። የኛ ጤና ጣቢያ የጥርስ ክፍል ማለት አንድ ወንበርና አንድ ጉጠት ነው። ያበጠውን ይነቅላሉ፣ ያላበጠውንም ይነቅላሉ። አንዱን ነቀሉላት፣ እብጠቱ ንቅንቅ አላለም። ጎኑ ያለውን ደገሙ። የእማዬን ይሉኝታ ታውቀው የለ? ሰውየው ይህን ሁሉ ለፍቶ እንዳያፍር ብላ ደህናውን ጥርሷን፣ እሱም ያመኛል አለችው። እሱንም ነቀለላት፣ እሷም አመስግናው ወጣች። እብጠቱ እንቁላል ሲያክል ነው ከአቅማችን በላይ ነውና ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ ወደ መንጋጋ ስፔሻሊስቱ ሂዱ ያሉን። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ የመንጋጋ ስፔሻሊስት ደግሞ በክልላችን አንድ ነው፤ እሱም አንተ ነህ።

ደወልኩልህ። በዘመድ አላሳልፍም፣ እዚህ የሚሰለፈው ሁሉ የአንድ ሰው እናት ነው፣ እንደ ሰው ወረፋ ትያዝ አልከኝ። በዚህ ጠባይህ አገር ያመሰግንሃል። ሬዲዮ ላይ ይህንኑ ስትናገር እማዬ ድምፁን ጨምሪው ብላኛለች። የዚያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ስሰድብህ ግን እኔን ነው የተቆጣችው። ልጄ ልክ ነው፣ እኔ ከማን እበልጣለሁ አለች።

መጥተን ተመዘገብን። መዝጋቢዋ ስም ስትጠይቃት እማዬ ዓይኗን ሳታሽ የጎረቤታችንን ስም ሰጠቻት። ምነው ብላት፣ ስሜን ካየ ሳይወድ በግዱ ያስቀድመኛል፣ ከዚያ ሰው ያማብኛል አለችኝ። አንተም ስሟን ስላላየህ፣ እኛም ዝም ስላልን፣ ተሻላት ብለህ ተውከው። ክረምቱ መጥቶ ሄደ። ሾርባ በማንኪያ ጫፍ ስሰጣት ግማሹ አገጯ ላይ ይፈስ ነበር።

የወረፋችን ቀን ደረሰ። አስታማሚ አይገባም ተብዬ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ነርሷ ወንበሩ ላይ አስተኝታት፣ መብራቱ እንዳይወጋት ብላ ፊቷን አፏ ብቻ በሚታይበት አረንጓዴ ጨርቅ ሸፈነችው። ተማሪዎችህን አስከትለህ ገባህ። ገና ከበሩ በድምፅህ አወቀችህ። አፏን በብረት ከፍተህ መንጋጋዋን ዳበስክና፣ ቸልተኝነት ማለት ይህ ነው፣ እኚህ ሴትዮ እዚህ እስኪደርሱ ልጆች የሏቸውም ወይ ብለህ ጠየቅህ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ፣ አሁን ቢላ ምንም አይሠራላቸውም፣ ማስታገሻ ጻፉላቸውና ወንበሩን ለሚድን ሰው ልቀቁ ብለህ፣ ጨርቁ ሳይነሳ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፍክ።

በደህናው ግማሽ ፊቷ እየሳቀች ወጣች። ጓንት ውስጥ ሆኖ እንኳ እጁ ይሞቃል፣ ደግሞ እንዴት ቀላል ነው አለችኝ። እኔ ነኝ አትዪውም ነበር ወይ ብዬ ጮህኩባት። አፌ ተከፍቶ በምን ልናገር አለች። ብረቱ ከወጣ በኋላስ ስላት፣ ተማሪዎቹ ፊት ይሸማቀቅብኛል አለች። ወንድሜ፣ የዚያን ቀን ጠላሁህ። ዛሬም አልለቀቀኝም።

በሩን በርግጄ ልገባ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ያ የመነመነ እጅ ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣ እንጃ። እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትነግሪው ብላ እዚያው ኮሪደር ላይ አስማለችኝ። ማልኩላት። ከዚያ ወዲያ እንዴት ናት እያልክ በደወልክ ቁጥር ደህና ናት ያልኩህ ለዚህ ነው።

እኔ ደግሞ ከማልኩ ማልኩ ነው፣ ታውቀኛለህ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እስከ ትናንት ድረስ ልጽፍልህ አልችልም ነበር።

ጎረቤቶች ለወንድምሽ ይደወልለት ቢሉኝ፣ ሥራ ላይ ነው ብዬ መለስኳቸው። አሁን ልድረስ ብለህ እንዳትሮጥ፤ እዚህ የቀረ ነገር የለም፣ ሁሉን በጊዜው ጨርሰናል። እግዜር እጅህን ይባርክልህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ልጆችህም ስታረጅ ፊትህን ገልጠው የሚያዩህ ይሁኑ።

ታናሽ እህትህ