ያልተቀባው ዳዶ

ውድ ካፒቴን፣

ሰፈሩ ሊያሾፍብህ ባወጣልህ ስም ስጠራህ አትቀየመኝ። ከሞትክ ወዲህ በዚህ ስም የሚስቅ ሰው አላጋጠመኝም፤ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

የምጽፍልህ ከመጋዘኑ፣ መፍቻዎችህ ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። አውሮፕላናችን ፌንጣ የለችም። በቆመችበት ቦታ የዘይት ጠብታና ሁለት የእንጨት ታኮ ቀርቷል። ልጃችን ይዟት ወጥቷል።

እንዴት እንደፈቀድኩለት ልንገርህ። ፈቀድኩ ማለት ከተቻለ።

ይቺን ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላን በገዛ ግቢያችን፣ አጥንቷን አንተ በይደህ፣ የክንፏን ጨርቅ እኔ ሰፍቼ ስንሠራ አንድ ሕግ ነበረህ። ያጠበቀው ሰው አይቀባም። አንተ ዳዶውን ታጠብቃለህ፤ እኔ በሌላ መፍቻ እሞክረዋለሁ፤ ካልተነቃነቀ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ቀይ መስመር አሰምራለሁ። በንዝረት ብዛት ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ያኔ እንደላላ እናውቃለን። «ጠበቀ?» ትለኛለህ ከሆዷ ስር ተንጋለህ። «ጠበቀ» እልሃለሁ። በትዳራችን ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተነጋገርንበት ቀን ብዙ አይመስለኝም።

ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እትዬ፣ ጥፍሯን እየቀቡላት ነው?» ያለ ቀን አንተ እስኪያስልህ ሳቅህ። እኔ ተናደድኩ። አሁን ያ ሳቅህ ነው የሚመጣብኝ፤ ሳሉም ጭምር።

ከመጨረሻው በረራህ ስትመለስ መቀመጫው ላይ ብዙ ቆየህ። «ፍጥነት ስጨምር ጭራዋ ይንቀጠቀጣል። ፔዳሉ ላይ እግሬን ነዘረኝ» አልከኝ። የሚያጠናክራትን ንድፍ ጀመርክ፤ ሳንባህ ቀደመህ። አልጋ ላይ ሆነህ ጣትህ ብርድ ልብሱ ላይ መስመር ይስል ነበር። ሐኪሙ የሕመም መወራጨት መስሎት ማስታገሻ ጨመረልህ። እኔ ግን የምትስለው ጭራዋን መሆኑን አወቅኩ።

ልጃችን ካቆምክበት ቀጠለ። ከአውቶቡስ ጋራዡ ሲመለስ እራቱን ሳይቀምስ ወደ መጋዘኑ። ጭራዋን ከስር በቀጭን የብረት ቱቦ ደገፈ፤ ያለቀውን ማጠፊያ ለወጠ፤ የሽቦ ገመዱን ወጠረ። እሱ ያጠብቃል፣ እኔ እሞክራለሁ፣ እቀባለሁ። «ጠበቀ?» ሲለኝ ድምፁ ያንተው ነው። አንዳንዴ ቶሎ አልመልስለትም፤ ደግሞ እንዲጠይቀኝ።

አንድ ዳዶ ሲቀር እጄ ቆመ። ሽቅብና ቁልቁል የሚመራት የጭራዋ ክፍል የተያያዘበት ነው። «ዛሬ ዓይኔ ደክሟል» አልኩት። ሌላ ቀን «ቀለሙ ደርቋል» አልኩት። እውነትም ደርቋል፤ ክዳኑን ከፍቼ የተውኩት እኔ ነኝ።

የመብረር ፈቃድ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ መጣ፤ በባትሪ እያበራ እያንዳንዱን ጥግ አየ።

«ይቺ ለምን ቀረች?»

«ቀለም አልቆ።»

«ቀለም ግዴታ አይደለም፣ እናቴ። ጠብቋል፤ መብረር ትችላለች» ብሎ ፈረመ።

ልጃችን ግን ራሱን ነቀነቀ። «እማዬ ሳትቀባው አልወጣም። የአባዬ ሕግ ነው።»

ገባህ አይደል? ልጄን መሬት ላይ የያዘው አንድ ጠብታ ቀለም ነበር። ብሩሹ በእኔ እጅ።

ምራታችን ሆዷ ገፍቷል። ሽንኩርት እየላጥን ሳለ ቀና ሳትል «እማማ፣ አይቅቡት» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ያውቁታል። እስክወልድ እንኳ። ከዚያም በኋላ... ዝም ብለው አይቅቡት።»

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። ከልቤ ነበር። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ በሽንኩርቱ አሳበብን፣ ሁለታችንም።

ዛሬ ጠዋት ልጃችን የሚስቱን የጥፍር ቀለም አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ቀይ። ጎረቤታችን ቢያይ እንዴት ደስ ባለው።

«እማዬ፣ ላልቶ ከሆነ ንገሪኝ፤ አጠብቀዋለሁ። ፈርተሽም ከሆነ ንገሪኝ፤ ይገባኛል። ቀለም ደረቀ ብቻ አትበይኝ።»

«መሬት ላይ ምን ጎደለህ?»

«አባዬ ተንቀጥቅጣበት ነው የወረደው። በዚያው አይቅር።»

ከጭራዋ ስር ተንበረከክኩ። የዳዶውን ጀርባ ለማየት መስታወት ከኋላ ያዝኩ፣ መፍቻውን ገጠምኩ፣ ሳብኩ። እንዲላላ ተመኘሁ። እናቱ ሆኜ፣ ልጄ በእጁ ያጠበቀው ላልቶ እንዲገኝ ለመንኩ። ንቅንቅ አላለም። ክንዴ እስኪዝል እንደገና ሳብኩ። ልክ እንዳንተ ነው የሚያጠብቀው።

ቀዩ መስመር «ልጅሽ ይመለሳል» አይልም። «አልፈራሁም» አይልም። «ጠበቀ» ብቻ ነው የሚለው። ጠብቋል ደግሞ። የጠበቀውን ካልቀባሁ፣ እስከ ዛሬ አንተን ወደ ላይ የሰደዱህ መስመሮች ሁሉ ምን ሊባሉ ነው?

«ጠበቀ?» አለኝ ከበላዬ ቆሞ።

ቀባሁት። መስመሩ ትንሽ ጠመመ።

ስነሳ ምራታችን በሩ ላይ ነበረች። የጥፍር ቀለሟን እጄ ላይ አየችው።

ፌንጣ ስትነሳ አጥሩ ጋ ሄጄ ምራታችን አጠገብ ቆምኩ። አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። እማማ ሳትለኝ ፈቀቅ አለች፤ በመካከላችን አንድ ሰው የሚቆምበት ያህል ቦታ ተወች። ያን ባዶ ቦታ ማየት ስላቃተኝ ነው ገብቼ የምጽፍልህ።

ፍጥነት ጨምሮ የሚሞክራት ከዛፎቹ ማዶ ነው። ጭራዋ ይንቀጥቀጥ አይንቀጥቀጥ ከዚህ አይታይም። ሞተሩ ግን ይሰማል። ወፍሮ ነበር፤ አሁን ቀጠነ።

አሁን አይሰማም። ነፋሱ ዞሮ ይሆናል።

ልሂድ፣ ካፒቴን። ልጁ ቢመለስም ባይመለስም ያ ቦታ ባዶውን መቆየት የለበትም። ምራታችን ብታባርረኝም ገብቼ እቆምበታለሁ።

ሞክሬ የቀባሁት፣
ሚስትህ