ከቫርኒሹ ሥር ያለው ልጅ

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ከዚህ ብርድ ጋር እንዴት ነው? የመጦሪያ ቤቱ ክፍልሽ ማሞቂያ ተሠራ ወይስ አሁንም ሹራብ ደርበሽ ነው የምትተኚው? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። የምነግርሽ ነገር ግን አለኝ። በስልክ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ ብቻ አውርቼ ዘጋሁት። ይኸው አሁን ጻፍኩልሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የአባዬ ሥዕሎች በሰላም ገብተዋል። በእኛ ጨረታ ቤት ማንም የዘመዱን ሥራ እንዲገምት ስለማይፈቀድ ግምቱን የያዘው ባልደረባዬ ዊበ ነው፤ ያ ምላሰኛው ዊበ። እኔ መብራት ያዥ ሆንኩ። ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ ደርድሮ ሲያያቸው ቆየና፣ «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ገበያ የሚባል ነገር አልሰማም እንዴ? አንዲት ላም እንኳ ቢያቆምልን ምን ነበረበት!» አለኝ። ሳቅሁ። እውነቱን እኮ ነው። ሰው የሚገዛው ላም ያለበት መስክ ወይም ሸርታቴ የሚጫወት ሕዝብ የሞላበት በረዶ ነው። አባዬ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ያንኑ ቦይ፣ ያንኑ ግራጫ ሰማይ፣ ያንኑ ባዶ በረዶ ሣለ። ከአውራጃችን ከፍሪስላንድ ውጭ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ እዚሁም ቢሆን የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ናቸው።

ከዚያ ዊበ ጎንበስ አለና፣ «ይሄ ባለ ቀይ ኮፍያ ልጅ ግን የሱ እጅ አይደለም» አለ። «ብሩሹ ይፈራል፣ አየሽ? አንዱ ነጋዴ ለገበያ ብሎ የጨመረው ነው። በሁሉም ላይ አለ። እናስጠርገው፤ ንጹሕ የአባትሽ ሥራ ሲሆን ዋጋውም ከፍ ይላል።»

ቤቱን ባዶ ያደረግን ዕለት ኩሽና ውስጥ ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ስኒ እያጠብሽ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። «ሥዕሎቹን አበላሽቻቸዋለሁ» ነበር ያልሽው። «ቦዩን እንዲያ ባዶውን ሳየው አላስችል እያለኝ፣ አባትሽ ሲተኛ እየወጣሁ ዮሪትን ጨመርኩበት። እሱ ልብ አላለም። ሰው ሳያየው አስጠርጊልኝ፤ መቃብር ውስጥ ሆኖ እንዳያፍርብኝ።»

እማዬ፣ ያን ቀን ተናድጄብሽ ነበር፤ አሁንም በደንብ አልወጣልኝም። ዮሪት የቦዩ በረዶ ከእግሩ ሥር ተሰብሮ ሰምጦ ሲሞት እኔ አልተወለድኩም። የወንድሜን ስም መቃብሩ ላይ አነበብኩት እንጂ ከአንዳችሁም አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እራት ላይ የአተር ሾርባችሁን እየበላችሁ ዝም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ዝም፣ በረዶ ሲጥል መጋረጃ ዘግታችሁ ዝም። እኔ መሀል ላይ ቁጭ ብዬ ጥፋቱ የኔ ይመስለኝ ነበር።

ቢሆንም ለምነሽኛልና ዊበን እሺ አልኩት፤ ይጠረግ። ከመጥረግ በፊት ደንቡ ነውና ክፍሉን አጨልመን ሐምራዊውን መብራት አበራን። በዚያ መብራት አሮጌ ቫርኒሽ፣ ያ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ከላይ የሚቀባው መስታወት መሰል ቅባት፣ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ከቫርኒሹ በኋላ የተጨመረ ቀለም ካለ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ጥቁሩን ፈለግን። የለም። ሌላውን አየን፤ እዚያም የለም። አረንጓዴው ከዳር እስከ ዳር ልጁን ሸፍኖት ያልፋል፤ ልጁ የተሣለው ቫርኒሹ ከመቀባቱ በፊት ነው ማለት ነው።

ዊበ ቀልዱ ጠፋው። «እናንተ ቤት ቫርኒሹን የሚቀባው ማን ነበር?» አለኝ።

ማን እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ፤ አባዬ ነው። ሥዕሉ ዓመት ሙሉ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቶ፣ እኛን አስወጥቶ፣ አፍንጫውን ሸራው ላይ ሊያስነካ ትንሽ እስኪቀረው ተጠግቶ እያንዳንዷን ጣት የምታህል ቦታ ይቀባ ነበር። ቆርቆሮውን እንኳ ሰው አያስነካም። ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያው መጥረግ የሚባል ነገር የለም» አለ ዊበ፤ «የአባትሽን እጅ ሳናነሳ ልጁ ጋ አንደርስም።» ግምቱን ዝቅ አድርጎ ጻፈ፤ በጨረታው መግለጫም የሁለት ሰው ሥራ ነው እንዲባል አደረገ። አልተከራከርኩትም።

ሌላም ነገር አለ። አንቺ ዳሌሽ ተሰብሮ ሌዋርደን ሆስፒታል የተኛሽበትን ክረምት አስቢ፤ አባዬ ሳትወጪ የተቀበረበትን። ያን ክረምት የጀመረውን ትንሽ ሥዕል ላይኛው ክፍል አገኘሁት። አንቺ ደረጃውን መውጣት ስለማትችይ አላየሽውም፤ ብሩሽሽም አልነካውም። ቫርኒሽ አልተቀባም፤ ለመድረቅ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ያው ቦይ፣ ያው ሰማይ ነው። ባለ ቀይ ኮፍያው ልጅም አለ፤ በረዶው ላይ ግን አይደለም። ቦዩን ተሻግሮ የአትክልታችን በር ጋ ደርሷል፤ እጁ መቀርቀሪያው ላይ ነው።

ይህን ለጨረታ አልሰጠሁም። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። አልጋሽ ፊት ለፊት አንድ ምስማር እንዲመቱልሽ ንገሪያቸው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ ሌሊቱንም ያሳጥርልሽ።

ልጅሽ፣ የዮሪት እህት