ቦታ ስይዝልሽ

አሊናፌ፣

የንሲማው ገንፎ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ዓሣውን ከድመቷ ደብቄ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሳትበዪ እንዳትወጪ።

እኔ ትናንት እኛ ጋ የወለደችው ማይ ናጋማ ዘንድ ሄጃለሁ። ልጇን ዛሬ ነው የሚቀብሩት።

ውጤት የወጣ ቀን «ክፍል ስትመላለሺ ከርመሽ ምን አተረፍሽ? ይኸው እኩል አመጣን» ብለሽ ሳቅሽብኝ። እውነትሽን ነው፣ ወረቀቱ ላይ እኩል ነን። ትናንት ማዋለጃ ክፍል ግን ሕፃኑ አልተነፍስ ብሎ እጅሽ ላይ ሲዝል፣ አንቺ በሩን በሩን ታዪ ነበር። ከወዲያኛው አልጋ ሮጬ ስደርስ ጊዜው አልፏል።

አልተነፍስ ያለ ሕፃን እንዴት እንደሚረዳ መምህራችን አሻንጉሊት ይዛ አሳይታን ነበር። ያን ቀንም አንቺ ተኝተሻል። እኔ ቺቴንጄዬን ከወገቤ ፈትቼ ወንበርሽ ላይ አንጥፌ፣ «የማን ነው?» ሲሉኝ «እየመጣች ነው» እላለሁ።

ሌሊቱን ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞርኩት እንቅልፍ ወስዶኝ አልነበረም።

የሕፃን ቀብር የሴቶች ነው፤ ማንም ወንድ፣ አባትየውም ጭምር፣ አይኖርም፤ አትፈሪ። ምንጣፉ ላይ፣ ከእናትየው አጠገብ፣ ቺቴንጄዬን አንጥፌ ቦታ እይዝልሻለሁ። «የማን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። «እየመጣች ነው» እላቸዋለሁ።

ዛሬስ አታስዋሺኝ።

ፋይነስ