ሦስተኛው ፍንጭ

የካቲት 9 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የደበቅኩህ ነገር አለ፤ ከየት እንደምጀምረው አላውቅም። አትሳቅብኝ። ስትሄድ የሰጠኸኝን እንቆቅልሽ ፈትቼዋለሁ። ማለቴ፣ ግማሹን።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አንገትህን በመስኮት አውጥተህ «ጩኸቴ፣ አታልቅሺ። የምመለስበትን ቀን ራስሽ አስዪው። የወሩ ተራ ቁጥርና ቀኑ ሲባዙ ስድሳ ይሆናሉ። ቀኑ ከወሩ ይበልጣል» አልከኝ። ሦስተኛውን ፍንጭ ስጠብቅ መኪናው ሄደ።

ቤት እንደገባሁ ከአባዬ ሱቅ በተረፈ የመስታወት ስባሪ ላይ ማባዛት ጀመርኩ። መስከረምን አንድ ብዬ ቆጠርኩ። ሁለተኛው ወር ከሆነ ጥቅምት 30፣ ሦስተኛው ከሆነ ኅዳር 20፣ ከዚያ ታኅሣሥ 15፣ ጥር 12፣ የካቲት 10። አምስት ቀን ወጣልኝ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ፍንጭ አንተው ጋ ቀረ። ስትደውል ልጠይቅህ እያልኩ፣ እማዬ ስልኩን ስታቀብለኝ አፌ ይተሳሰራል። «ደህና ነኝ» ብዬ እመልስላታለሁ። ታውቀኝ የለ፤ በዝምታዬ ስትቀልድ አይደል «ጩኸቴ» ያልከኝ።

ስለዚህ እስካሁን ባለፉት አራቱም ቀናት መናኸሪያ ሄድኩ። ለእማዬ «ጓደኛዬ ጋ ነኝ» እላታለሁ፤ ጓደኛ እንደሌለኝ እያወቀች ትለቀኛለች። በጥር 12 ቲኬት ቆራጩ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ነው የምትጠብቂው ወይስ መኪና ልትገዢ?» ብሎ ተሳፋሪውን ሁሉ አሳቀብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን የመጨረሻው መኪና እስኪራገፍ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።

ስለ አባዬ እማዬ በስልክ እንዳይነገርህ ብላለች፤ በደብዳቤ ግን አልከለከለችኝም። አንተ ከሄድክ ወዲህ የአባዬ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። የመስታወት መቁረጫውን ሲስበው መስመሩ ይጎብጥበታል፤ መስታወቱም ባላሰበው በኩል ይሰነጠቃል። ትናንት ለአንድ መስኮት ሦስት መስታወት አበላሸ። ስባሪውን ሲለቅም ቀና ብሎ አላየንም።

ዛሬ ምሳ ላይ «በቃ፣ ያ ልጅ አይመጣም። ነገ ቅጥር ሠራተኛ ይገባል፤ በእሱ ጠረጴዛ ይሠራል» አለ።

እማዬ «የልጅቷ ቀን ነገ ነው፤ እሱ ይለፍና» አለችው። ለካ ሁሉንም ታውቅ ኖሯል!

«የምን ቀን?» ብሎ ዞረብኝ። ዓይኔን ሳህኑ ላይ ተክዬ ነገርኩት።

«እኔ እጅ ቸገረኝ ስል እሷ ማባዣ ትነግረኛለች!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ቶሎ አቆመና «ስንት ፍንጭ ነው የሰጠሽ?» አለኝ።

«ሁለት።»

የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። እማዬም እጇን ከማዕዱ ሰበሰበች። ነገሩ ለእኔም ያኔ ነው ወለል ያለልኝ።

ትዝ ይልሃል? ትንሽ ሳለሁ ከሥራ ስትገባ «ስንት ብርቱካን ደበቅኩልሽ?» ትለኝ ነበር። ይዘህልኝ ከመጣህ ፍንጩ ሦስት ነው። ባዶ እጅህን ከሆንክ ሁለት፤ እንቅልፍ እስኪጥለኝ ድረስ ስደምር ስቀንስ እንዳመሽ። ሁለት ፍንጭ ማለት ብርቱካን የለም ማለት እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። እያወቅኩ እደምር ነበር።

ከምሳ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ወለሉን ሁለቴ ጠረግኩ። በር ሲንኳኳ ሮጬ እከፍታለሁ፤ ደንበኛ ነው። ቀኑ ከወሩ ይበልጣል የሚለውን ብሰርዘው ሰኔ 6 እና ነሐሴ 5 ይተርፋሉ። ፍንጭ መሰረዝ ማጭበርበር እንደሆነ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ሰረዝኩት። ደግሞ መልሼ ጻፍኩት። መምጣት ካልቻልክ አልቻልኩም በለን፤ ማን ይቆጣሃል?

ሌላም የደበቅኩት አለ። አባዬ ምሳ በልቶ ሲያሸልብ እኔ ስብርባሪ እቆርጣለሁ። አንተ እንዳሳየኸኝ፣ ሳልጫን፣ በአንድ ስበት፣ ወደ ኋላ ሳልመለስ። ከዚያ ጠርዙን መታ ሳደርገው «ጠቅ» ብሎ ለሁለት ይከፈላል። ቤት ውስጥ ከማሰማው ድምፅ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። መስመሬ አይጎብጥም።

ስለት እጅህን አይንካው። የምታድርበት ጣሪያ አያፍስስብህ፤ የሚያበላህ ሥራ አይጥፋ፤ በሄድክበት ሁሉ የሚያስቅህ ሰው አይለይህ።

ነገ መናኸሪያ አልሄድም። ከመጣህ መንገዱ አይጠፋህም። ነገ አባዬ ሱቁን ሲከፍት አብሬው ገብቼ ጠረጴዛህ ጋ እቆማለሁ። «ቅጥር አያስፈልገንም፤ እኔ ልቁረጥ» እለዋለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ፣ ምንም ሳልናገር አንድ ሙሉ መስታወት አንስቼ እቆርጥለታለሁ።

ጩኸትህ